ቧንቧ የሆነው ኳስ

ጥቅምት 6

ጋሼ፣

አይ፣ አልከሳሁም። ፎቶው ላይ የከሳሁ የመሰልኩት መብራቱ ከላይ ስለሆነ ነው። እበላለሁ። አንዳንዴ ቆሜ ነው፣ ግን እበላለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄህ ይከብዳል። «እህትህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ምን ልበል?» ብለሃል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልመልስልህ የቆየሁት ንቄህ አይደለም። ለራሴም ቢሆን በአንድ ትንፋሽ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ልሞክር።

በጠርሙስ ውስጥ ባክቴሪያ አሳድጋለሁ። አምፖል ፊት አስቀምጣቸዋለሁ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያወጣሉ። እንደ ቅጠል ብርሃን ይበላሉ። የሚበሉበት ቦታ ሆዳቸው ውስጥ ያለ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ እየተጠቀለለ ትንንሽ ኳሶች ይሆናል፣ በአንዷ ባክቴሪያ ውስጥ ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ። በየኳሱ ላይ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። ትልልቆቹ ቀለበት ይመስላሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣመሩ ናቸው፣ ጥንድ እላቸዋለሁ። በመካከላቸው ትንንሽ ቀለበቶች አሉ። ይኸው ነው።

ጥያቄው ይሄ ነው፤ ሽፋኑን ኳስ ያደረገው ማነው?

የቤተ ሙከራችን አለቃ፣ ፕሮፌሰሯ፣ ሽፋኑ ራሱ ነው ትላለች። የሚጎብጠው ስቡ ነው፣ ፕሮቲኖቹ ተሳፋሪዎች ናቸው። እኔ ደግሞ ጥንዶቹ ናቸው እላለሁ። እያንዳንዱ ጥንድ ወገቡ ላይ ትንሽ የጎበጠ ይመስለኛል፣ ሲበዙ ሽፋኑን አብረው ያጎብጡታል። አውቶቡሱን የሠሩት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ስብሰባ ላይ ይህንኑ አልኩና ሰው ሳቀ። ደግ ሳቅ ነበር። ከክፉው ይልቅ ደጉ አልለቀቀኝም።

እስከ የካቲት መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች። ከዚያ በኋላ ማስረጃ ከሌለኝ መደርደሪያዬ ይለቀቃል፣ ጠርሙሶቼ ይደፋሉ፣ እኔም በሌላ ሰው ጥያቄ ላይ እመደባለሁ። ስድስት ዓመት፣ አንድ መደርደሪያ።

ስለዚህ ልለምንህ። ከላሜራ ሃያ አራት ጥንድ ትሠራልኛለህ? ሥዕሉ ከወረቀቱ ጀርባ አለ። በእጄ ይዤ ማየት እፈልጋለሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ የሠራሁት ሁልጊዜ እሺ ስለሚለኝ አላምነውም። ላሜራ እሺ ብቻ እንደማይል ካንተ አውቃለሁ።

ጽሑፍህ ለምን ወደ ግራ ያዘነብላል?

ቁንጫህ


ጥቅምት 21

ቁንጫ፣

ብዕሩ ነው። ጠረጴዛውም ይነቃነቃል። ሌላ ጥያቄ አምጪ።

ደግሞ ስልክ ደውል ማለትሽን ተዪ። ሠላሳ ዓመት ላሜራ የተደበደበበት ጆሮ ከስልክ የሚሰማው ዝናብ ብቻ ነው። ደብዳቤሽን ለሚስቴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላት። ዝቅ አለማለቱን ያወቅሁት ጎረቤት መስኮት ከፍቶ «ቀጥል እንጂ» ሲለኝ ነው። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ስለ ባክቴሪያ ያውቃል። ትንሽ ሆነሽ ስለምትዘዪ ቁንጫ አልንሽ፣ አንቺ ከቁንጫ ያነሰ ፍለጋ ሄድሽ።

ግን ስሚኝ፤ ይሄ ያንቺ ሳይሆን የኔ ሥራ ነው።

ጭስ ማውጫ ጥግ ላይ ሲደርስ መዞር አለበት። ቧንቧን በጉልበት አጥፈዋለሁ ያለ ሰው ይጨማደድበታል። የሚያዞረው ጎሚቶ ነው፣ ጎሚቶ ደግሞ የሚሠራው በቁርጥራጭ ነው። አምስት አጫጭር ቀለበቶች፣ የሁሉም ጠርዝ በሰያፍ የተቆረጠ። አንዱን ብቻውን ለሰው ብታሳዪው ቀጥ ያለ ነው ይልሻል። አምስቱን ግጠሚያቸው፣ ዞሯል። ማን አዞረው? ማንም። ሰያፉ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ጠማማ ነበር፣ ብቻውን ግን አይታወቅበትም። ፕሮፌሰሯን አንድ ቀን ወርክሾፕ ላኪያት።

አሁን ንገሪኝ፤ ሰያፉ ስንት ነው? ይህን ሳላውቅ መቀስ አላነሳም። ሁለቱን ቀለበት አንድ ላይ የያዘውስ ምንድነው? ትንንሾቹስ ጥቅማቸው ምንድነው?

መደርደሪያ ይለቀቃል ስትዪ ሚስቴ «እንግዲህ አልጋዋን እናንጥፍ?» አለች። አታነጥፊም አልኳት።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ጋሼ፣

ሰያፉን አላውቀውም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ልንገርህ። ሽፋኑን ልስልስ ባለ ድንጋይ ላይ አነጥፋለሁ። ከማንኛውም መርፌ የቀጠነ መርፌ ከላዩ እየሄደ ከፍታና ዝቅታውን ይዳስሳል፣ ከዚያ ሥዕል ይወጣል። ግን ሽፋኑ ድንጋዩ ላይ ሲጣበቅ ይዘረጋል። ኳስ የነበረው ምንጣፍ ይሆናል። ፕሮፌሰሯ ሥዕሉን አይታ «ይኸው፣ ዝርግ ነው» ስትል ዓይኗ አልተሳሳተም። ጎሚቶን ረግጦ አድቅቆ «ቀጥ ያለ ነበር» እንደ ማለት ነው፤ የረገጥኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሆኖም በእያንዳንዱ ጥንድ መጋጠሚያ ላይ መርፌው በጥቂቱ ይነሳል። በሁሉም ላይ። አንዳንድ ቀን የድካሜ ሥራ ነው እላለሁ። ከዚያች መነሳት ተነስቼ ነው የምገምተው፤ በመዳፍ ርዝመት ላይ የአንድ ጣት ያህል ያዘንብል። ሁለቱም ወገን።

ሁለቱን ቀለበት የያዘው አንድ ትንሽ ፕሮቲን ነው። አንተ ሁለት ላሜራ የምታያይዝበት ሪቬት በለው። ትንንሾቹ ቀለበቶች ብርሃን ለቅመው ለትልልቆቹ ያቀብላሉ። ለቅርጹ ግን መሙያ ናቸው።

የአጎታችን ልጅ ወርክሾፕህ ተዘግቶ አየሁ ብሎ ጻፈልኝ። ሐኪም ቤት በር ላይም አይቼዋለሁ ብሏል። እውነት ነው?

ቁንጫህ


ታኅሣሥ 2

ቁንጫ፣

ወርክሾፑ የተዘጋው ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ነው። ሐኪም ቤት የሄድኩት ሚስቴን ላደርስ ነው። ያ የአጎታችን ልጅ ከደመወዙ ይልቅ ወሬው በሰዓቱ ይደርሳል።

ከጥንዶችሽ ሰባቱን ጨርሻለሁ። አሥራ አንድ አበላሽቻለሁ። የዘንድሮ ላሜራ ጥሩ አይደለም።

ሁለቱም ወገን አንድ ጣት ያህል ካዘነበለ ዝርግ ሆኖ የሚቀመጥበት መንገድ የለም። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ ከአሁኑ ከጠረጴዛው ተነሱ። ያም ሆኖ አልቸኩልም።

ወንድምሽ

እህቴ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ሚስቱ ነኝ። ፖስታ ቤት የምሄደው እኔ ስለሆንኩ ፖስታውን ከፍቼ ነው። ቀለም የሚባል ነገር የለም። መስከረም ላይ የላሜራ ጠርዝ የቀኝ አውራ ጣቱን ጅማት በጠሰው። ሰፉለት፤ መዶሻ ግን ከእንግዲህ አይዝም አሉት። ወር ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ከረመ። ያንቺ ደብዳቤ የመጣ ዕለት ተነሳና መቀሱን በግራ እጁ ያዘ። መቀሱ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው፣ ስለዚህ የሚቆርጥበትን መስመር ራሱ ይሸፍንበታል። ሲበላሽበት ላሜራውን ይሳደባል። መሳደብ ትቶ ነበርና ደስ ብሎኛል። እኔ ሌላውን ጫፍ እይዝለታለሁ፣ እኔንም አንዳንዴ ይደርሰኛል። አልነገርኩሽም። አንቺም አላነበብሽም።


ታኅሣሥ 17

ጋሼ፣

እትዬ እንዴት ናት? ከእሷ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ስለ ጥንዶቹ ሳስበው ሥራው ያን ያህል አያስቸኩልም። እንዲያውም ሰባቱ ይበቃሉ። ይበቃሉ። ሌላ ሥራ ካለብህ ተወው።

እስከ የካቲት መጨረሻ ያሉት አልተቀየረም። ትናንት አንድ ሰው መጥቶ መደርደሪያዬን በሜትር ለካ። ይቅርታ ጠይቆኝ ነው የለካው። ጠርሙሶቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጌለት ሜትሩን ጫፍ ላይ ያዝኩለት። ለምን እንደያዝኩለት አላውቅም። ሰው ሲለካ ሌላው ጫፉን ይይዛል፤ ካንተ ጋር ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩት ይሄን ነው መሰለኝ። አንተ ትለካለህ፣ እኔ ጫፉን እይዛለሁ። «አትልቀቂ» ትለኛለህ። እኔ ግን እለቀው ነበር።

ብዙ ነገር ልጽፍ ጀምሬ ሰረዝኩ። የሰረዝኩትን በብርሃን ፊት ይዘህ እንዳታነብ።

ቁንጫህ


ጥር 8

ቁንጫ፣

በብርሃን ፊት ይዤ አነበብኩት።

«አያስቸኩልም» ብለሽ ጻፍሽ። አንቺ በሕይወትሽ ያላስቸኮለሽ ነገር የለም፤ ስትወለጂም ከወርሽ ቀድመሽ ነው የመጣሽው። ስለዚህ ሚስቴ ነግራሻለች። ጠየቅኋት። «እኔ? ምን በወጣኝ» አለች፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል። ይሁን።

እውነት ነው። አውራ ጣቴ እንደ እንጨት ነው። ጽሑፌ ወደ ግራ የሚያዘነብለው ግራ እጄ ስለሚጽፈው ነው። አልነገርኩሽም፤ ምክንያቱም አንቺ ማስረጃ ስትፈልጊ ወንድምሽን እንድታስታምሚ አልፈለግሁም። ሥራውን ተወው አትበዪኝ። ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ቃል ከጻፍሽልኝ ፖስታውን ሳልከፍት እመልሳለሁ።

አሁን ወደ ክፉው ወሬ። ሣጥኑን ልኬልሻለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ሁለት ቀን ቢዘገይ ነው። ሃያ አራቱም አሉ። ግን ኳስ አልሆኑም።

ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ ገጠምኩት። ጥንዶቹ ጎን ለጎን ሲሰለፉ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ያጎነብሳሉ፣ ሰልፉ ይዞራል፣ ይዞርና ይገጥማል፣ ከዚያ ቀጣዩ ሰልፍ በላዩ ይቀመጣል። ቧንቧ ነው የሆነው። ኳስ አምጣ ብትይኝ ቧንቧ ሠራሁ። ሠላሳ ዓመት ቧንቧ የሠራ እጅ፣ ግራም ሆነ ቀኝ፣ ሌላ ነገር አያውቅም መሰለኝ። ትንንሾቹን ቀለበቶች አልሠራኋቸውም። መሙያ ናቸው ስላልሽ፣ እጄም ስለዘገየብኝ፣ ተውኳቸው።

አሳፍሬሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ላሜራው ይጠቅምሽ እንደሆነ የእርሳስ ማስቀመጫ አድርጊው።

ወንድምሽ


ጥር 23

ጋሼ፣

ቧንቧው ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል። እርሳስ አልከተትኩበትም።

ሣጥኑን የከፈትኩ ዕለት አለቀስኩ፤ ስለ ቧንቧው ሳይሆን ስለ ቁርጡ። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ጠርዝ እንደተበላ ዳቦ ነው። የመጨረሻዎቹ ላይ ጣቴን አስኬድኩ፣ ምንም አልያዘኝም። ግራ እጅህ ሥራ ሲማር በሃያ አራት ገጽ አነበብኩት።

ከዚያ ለሁለት ቀን አላየሁትም። ፊቴን አዙሬ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን እጄን ስታጠብ፣ ሳሙናው ገና እጄ ላይ ሳለ፣ ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ጋሼ፣ አንተ አልተሳሳትክም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ መሙያ ያልኩህ። ላሜራህ የነገረኝ ይህን ነው፤ ጥንዶች ብቻቸውን ከሆኑ ኳስ መሆን አይችሉም። ይሰለፋሉ፣ ወደ አንድ ጎን ያጎነብሳሉ፣ ቧንቧ ይሆናሉ። ኳስ የሚሆኑት ትንንሾቹ ቀለበቶች መሃላቸው ገብተው ሰልፉን ሲበትኑት፣ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ሲዞር ነው።

አሁን ስማኝ። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በስተጀርባ፣ ከኔ በፊት የነበረ ሰው የተዋት ብልቃጥ አለች። ትንንሾቹን ቀለበቶች መሥራት የማትችል ባክቴሪያ። «ለምንም አትሆንም» ብሎ በራሱ እጅ ጽፎባታል። አጠገቧ ሌላ አለች፤ ይቺ ደግሞ ሪቬቱን የማትሠራ፣ ቀለበቶቿ ጥንድ የማይሆኑላት።

ስቡ ነው የሚጎብጠው ካልን ሁለቱም ውስጥ ኳስ መገኘት አለበት። ሰያፉ ነው ካልን፣ አንተ እንደሠራኸው፣ የመጀመሪያዋ ሆድ ውስጥ ቧንቧ መኖር አለበት። የሁለተኛዋ ደግሞ ዝርግ።

ሁለቱንም አምፖል ፊት አስቀምጫለሁ። በዚህ ጊዜ ድንጋይ ላይ አላነጥፋቸውም። ባሉበት አድርቄ፣ እንደ ሽንኩርት ስስ አድርጌ ቆርጬ፣ በትልቁ ማይክሮስኮፕ ቁርጡን አያለሁ። ተራዬ የካቲት አሥር ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ስናገረው የሚጠፋ ይመስለኛል። ጠርሙሶቹን በቀን አምስት ጊዜ አያለሁ፤ ማየት አያሳድጋቸውም። ቧንቧ ከሌለስ? አንተ ለእኔ ብለህ በግራ እጅህ... አይ። ይህንንም አልሰርዘውም፣ ታነበዋለህና።

ቁንጫህ


የካቲት 19

ጋሼ፣

አዎ።

ባለፈው ደብዳቤህ ለጠየቅኸው ሁሉ መልሱ አዎ ነው። አዎ አየሁት፣ አዎ እነሱም አዩት፣ አዎ እንቅልፍ ተኝቻለሁ።

ቧንቧ ነው። ባክቴሪያዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቧንቧ ተሸክማለች። ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ልክ ወርክሾፕህ ጥግ እንደሚቆሙት። በቁመት የተቆረጡት ረጅም መንታ መስመር፣ በወርድ የተቆረጡት ክብ አፍ። ሪቬት የሌላት ዘርግታው ተኝታለች፣ ወረቀት በወረቀት ላይ። ጤነኛዋ ደግሞ እንደ ወትሮዋ ኳስ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁና ማንም አጠገቤ ስላልነበረ ለማይክሮስኮፑ «አየኸው?» አልኩት። አንቺ አላልኩትም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፤ አንተን እያናገርኩ ነበር መሰለኝ።

ስብሰባው ትናንት ነበር። ሥዕሎቹን ከማሳየቴ በፊት ቧንቧህን ጠረጴዛው መሃል አቆምኩት። እያንዳንዱን ጥንድ ከፈታሁላቸው በኋላ አንዱን ያኔ ከሳቁት ሰዎች ለአንዱ ሰጠሁት፣ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የጎበጠ አልኩት። አገላብጦ አየ። ቀጥ ያለ ነው አለ። እንደገና ገጠምኩት። ከዚያ ሥዕሎቹን አሳየሁ።

ፕሮፌሰሯ ተነስታ መጥታ ቧንቧውን አነሳች፣ በአንድ ዓይኗ ውስጡን አየች።

«ይሄን ማን ሠራው?» አለች።

«ወንድሜ።»

«ፊዚክስ ነው የተማረው?»

«ጭስ ማውጫ ነው።»

ሳቁ። በዚህ ጊዜ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሃያ ዓመት ተሳፋሪ ስላቸው ኖርኩ አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለቧንቧው። ቀጥላ መደርደሪያዬን የለካውን ሰው በስሙ ጠርታ ከሱ ቀጥሎ ያለውንም መደርደሪያ ለእሷ ጨምርላት አለችው። እሱም ወዲያውኑ ሜትሩን አወጣ። ጋሼ፣ ጫፉን ያዝኩለት። አልለቀቅሁም።

አሁን የሷን ጥያቄ ላድርስልህ። ኳሱን ትፈልገዋለች። ትንንሾቹን ቀለበቶች ጨምሮ። ከምናሳትመው ጽሑፍ ጋር የሚወጣው ሥዕል የኮምፒዩተር አይሆንም፣ የላሜራው ፎቶ ነው ብላለች። ስንት ቀን ይፈጅበታል አለችኝ። ሥራው አያስቸኩልም ልል ነበር። ፖስታ ይመለስብኛል ብዬ ፈራሁ።

ቁንጫህ


መጋቢት 16

ቁንጫ፣

በመጀመሪያ፣ አዎ፣ ደብዳቤሽን ለሰፈሩ አንብቤያለሁ። በዚህ ጊዜ መስኮቶቹ ቀድመው ነው የተከፈቱት። «ጭስ ማውጫ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ድገም አሉኝ። ደገምኩ። ሚስቴ አልቅሳ ሽንኩርት ነው አለች። ሽንኩርት በቤቱ የለም።

ሁለተኛ፣ ወርክሾፑ ተከፍቷል። ለግራ እጅ የሚሆን መቀስ አገኘሁ፣ መስመሩ አሁን ይታየኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎሚቶ ሠርቼ አስረከብኩ። ባለቤቱ ገጥሞት አየና እንደ ድሮው ነው አለኝ። ትንሽ ይሻላል አልኩት። ሲሄድ ሚስቴ ጉራህ ከጣትህ በፊት ዳነ አለችኝ።

ሦስተኛ፣ ኳሱ።

ትንንሾቹን ቀለበቶች ሰባ ሠራሁ። የቸገረኝ ወዴት እንደሚገቡ ማወቅ ነበር። ዝም ብዬ ስደረድራቸው ይሰለፉና ወደ ቧንቧነታቸው ይመለሳሉ። በአራተኛው ቀን መደርደር ተውኩ። አንድ ጥንድ አስቀመጥኩ፣ ዙሪያውን በትንንሾቹ ሞላሁ፣ ቀጣዩን ጥንድ እንደፈለገ እንዲዞር ለቀቅኩት። እሱ ራሱ አጎነበሰ። ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ ሳህን ሆነ፣ ቀጥሎ ጎድጓዳ፣ ቀጥሎ ድስት። ሚስቴ ከዚያኛው ወገን ይዛለች፣ አትልቀቂ እላታለሁ፣ መቼ ለቅቄ አውቃለሁ ትለኛለች። እኔ አላጎበጥኩትም ቁንጫ። በመዶሻ አንድ ጊዜ እንኳ አልመታሁትም። እየጨመርኩ ነበር፣ እሱ እየዞረ።

በመጨረሻ የአንዲት ትንሽ ቀለበት ቀዳዳ ቀረች። በግራ እጄ ኳሱን ደገፍኩ። ሌላ እጅ ስለሌለኝ ቀለበቷን በቀኝ አውራ ጣቴ ጫንኳት። መዶሻ አይዝም፣ ብዕርም አይዝም። መጫን ግን ይጭናል። ገባች። መግባቷ በጣቴ ተሰማኝ፣ ከመስከረም ወዲህ እዚያ ጣት ላይ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ነው።

ተዘጋ። ከየትም በኩል ብታዪው ክብ ነው።

አንድ ጥፋት አለበት፣ ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ መደበቅ ትተናል። ስነሳ ሚስቴ ኳሱን ወሰደችና ነቀነቀችው፣ ፊቷም ተለወጠ። ምነው ስላት ይንኳኳል አለችኝ። ሪቬቶቼን ቆጠርኩ፣ አንድ ጎድሏል። ውስጥ ረስቼው ዘግቼበታለሁ። ልክፈተው ብዬ መቀሱን አነሳሁ፣ አልቻልኩም፤ የሚከፈትበት በኩል የለውም። እንዳለ ልኬዋለሁ፣ ለፕሮፌሰሯ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው በያት።

እኔ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደጋግሜ ነቀነቅሁት። ምንም አይሰማኝም። ሲደርስሽ ነቅንቂውና ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ጻፊልኝ።

ወንድምሽ